ሞግዚት አልነበረኝም

እናቴን መጀመሪያ የገደልኳት እኔ ነኝ። በሽማግሌዎች ፊት፣ የተዋስኩትን ሱፍ ለብሼ፣ ድምፄን አስተካክዬ ገደልኳት። ያኔ እሷ ከዚያ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቃ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረች። የምጽፈው ስለዚያ ነው። የማንንም ስም አልጽፍም። የኔ ፊት ይበቃል፤ እሱን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ፊልም እሠራ ነበር። ዝና ነበረኝ ብል ጉራ አይደለም፤ ካፌ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። እግዜር ቁመትና ግንባር ሰጥቶኛል። ስለዚህ ደጃዝማች ሲፈለግ እኔ ነኝ፣ ራስ ሲፈለግ እኔ ነኝ፣ የተሰደደ መስፍን ሲፈለግም እኔው ነኝ። ከርካሽ ከፋይ የተሰፋ ካባ ደርቤ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ስንቱን አገር ገዝቻለሁ።

ማንም ያላወቀብኝ ማንበብ አለመቻሌን ነው። ድርሰት ሲሰጡኝ "ዓይኔን ያመኛል" እላለሁ። ከዳይሬክተሩ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ሦስት ጊዜ ታነብልኛለች። በሦስተኛው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። በጆሮ የተያዘ ቃል ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ ከመሃል አይቆረጥም። ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚደግም ሰው መሃል ላይ አስቁሙት፤ ሲነሳ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንዴ ከጀመርኩ እስከ ታች እወርደዋለሁ።

ባለቤቴን ያገኘኋት ከካናዳ፣ ከካልጋሪ ለዕረፍት መጥታ ነው። ከአገር የወጣችው በስምንት ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። በእናቷ በኩል የነጋሢ ዘር ነች። ይህን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እሷ የነገረችኝ ቆማ ስለምትውል እግሯን እንደሚያማትና የኔን ፊልም አንዱንም አይታ እንደማታውቅ ነው። ወደድኳት። ይህን የምጽፈው ነገሩ ሁሉ ከመነሻው ተንኮል እንዳይመስል ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ቤተሰቡ "ሰባት ቤት ይቆጠር" አለ። ወጉ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይቆጠራል። እነሱ ግን የሚቆጥሩት አጥንት ለማየትም ነው። እኔ ከአባቴ አባት ወዲያ ማንንም አላውቅም። እሱም ዘበኛ ነበር። ዝና ካገኘሁ ወዲህ እናቴ ሰፈር የምሄደው ባርኔጣ ደፍቼ ነው፤ ከየት እንደመጣሁ የሚያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ባለው የቤተሰቡ ቤት አምስት ሽማግሌዎች ተደርድረው፣ ከካልጋሪ የመጡት አማቴ ከጓዳው በር ኋላ ተቀምጠው እየሰሙ፣ "በል ልጄ፣ ቁጠር" አሉኝ።

ቆጠርኩ። በአንድ ፊልም ላይ፣ በርስት ሙግት ችሎት ፊት ቆሜ የቆጠርኳቸውን ሰባት አባቶች ቆጠርኩ። ደራሲው ከራሱ ያወጣቸው ሰዎች ናቸው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ፤ ድምፄ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ሰባተኛው ላይ ላቆም አስቤ ነበር። ቃሉ ግን እዚያ አያልቅም። "አባቴም አፈር፣ እናቴም አፈር፣ ከዚያ ቤት ከኔ በቀር የተረፈ የለም" ይላል። ወረድኩት። እንባዬም በቦታው መጣ፤ እዚያ ቃል ላይ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአማቴ ወንድም ነበሩ፤ ለዚሁ ጉዳይ ካልጋሪ አጠገብ ካለችው ኤርድሪ ድረስ የመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሦስተኛውን አባቴ ያውቁት ነበር" አሉ። "ሰጋር በቅሎ ነበረችው።"

ያልተፈጠረ ሰው፣ በቅሎ አገኘ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ሳል አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? "ይቅርታ፣ እናቴ አለች" ብል አባቶቼም ሊሄዱ ነው። አባቶቼ ከሄዱ እኔም ልሄድ ነው። ሰርጉ አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። እናቴን "ሰርጉ ካናዳ ነው" አልኳት። አመነችኝ። "ልጄ የንጉሥ ዘር አገባ" ብላ ለጎረቤት አወራች። ጎረቤቱ ሳቀባት አሉ።

ካልጋሪ ስመጣ አማቴ ቤት ገባን። ፋልከንሪጅ ያለ ታውንሃውስ ነው፤ ግራ ቀኙ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ። "ለጊዜው ነው" ተባለ። ስምንት ዓመት ሆነው።

አማቴን የሚያውቃቸው ሁሉ እሜቴ ይላቸዋል። ከአሮጌ ዕቃ መደብር የተገዛ፣ ጀርባው ረጅም ወንበር አላቸው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። እንግዳ ሲመጣ እጅ ይነሳል፤ እኔ ከወንበሩ ኋላ እቆማለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከመኪናው በር ጀምሬ ጃንጥላ እይዝላቸዋለሁ፤ በረዶም ይሁን ፀሐይ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆነ ፑንጃቢ ሕንዳዊ "ዶርማን ነህ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የሆቴል በረኛ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛዬ ያኔ ስላልደረሰ "የስ" አልኩት። አልተሳሳትኩም።

ቀን ቀን ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እዚያ ማንም ስለማያውቀኝ የማርፈው እዚያ ነው። ነዳጅ ስቀዳ እንኳ "አንተ፣ ያ ደጃዝማቹ አይደለህም?" የሚል ሐበሻ አይጠፋም፤ ስልኩን አውጥቶ ጎኔ ይቆማል። ውጪ ስወጣ ደጃዝማች ነኝ፣ ቤት ስገባ ደጃዝማች ነኝ። ፊልም ሲሠራ ቢያንስ ሲመሽ ካባውን ያወልቁልሃል።

በሁለተኛው ዓመት አማቴ ለአያታቸው መታሰቢያ አዳራሽ አስይዘው ሰው ጠሩ። እኔን ካባ አለበሱኝና ወረቀት ሰጡኝ፤ የአያታቸው ሥራ የተጻፈበት ነው፣ አንብብ ተባልኩ። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩና ከአንድ ፊልም የማውቀውን የጦር አዋጅ በቃሌ ተናገርኩ። ሰው አለቀሰ፣ እልል አለ። ስንመለስ መኪና ውስጥ አማቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው፣

"ጥሩ ነበር" አሉኝ። "ወረቀቱ ላይ ካለው ግን አንድ ቃል አላልክም።"

በሳምንቱ አስተማሪ ፈለግሁ።

ካስልሪጅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሽናቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያስተምሩኝ ጀመር።

"ይሄን ሁሉ ቁመት ተሸክመህ ሀሌታውን ከሐመሩ አትለይም?"

"አርባ አንድ ዓመቴ ነው እትዬ።"

"ታዲያስ? ፊደል ዕድሜ አይጠይቅም፤ ቂጥ ነው የሚጠይቅ። ቁጭ በል!"

ቁጭ አልኩ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ እንደኔ አዲስ ከመጡ ሰዎች ጋር ክፍል ገብቼ ተማርኩት። በሁለት ዓመት ሁለቱንም አነበብኩ። አንድ ቀን የኢንሹራንስ ወረቀት ስፈልግ ባለቤቴ እኔን ለማምጣት የሞላችው የኢሚግሬሽን ፎርም ኮፒ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የኔ ስም፣ የተወለድኩበት፣ ከዚያ እናት። ከእናት ፊት ለፊት "ዲሲስድ" ይላል። ስልኬን አውጥቼ ትርጉሙን አየሁ። የሞተች ማለት ነው። ፊደል ለምን ቆጠርኩ ብዬ ያን ቀን ተጸጸትኩ። በሽማግሌ ፊት መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ይሄ የመንግሥት ወረቀት ነው። ከታች ደግሞ የኔ ፊርማ አለ፤ ሳላነብ የፈረምኩት።

ለመምህርቷ ብቻ ተናገርኩ። ብዙ አልገሰጹኝም። "ለሚስትህ ንገራት" አሉኝ፣ በየቅዳሜው። ስልካቸውን ለእህቴ ሰጠኋት፤ እናቴ ጋ የምትኖረው እሷ ናት። የሆነ ነገር ቢፈጠር ለሳቸው ደውዪ አልኳት።

እናቴን የማገኛት እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ "ነዳጅ ልቅዳ" ብዬ እወጣና ዌስትዊንድስ ባቡር ጣቢያው ጋ ፓርክ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ እደውላለሁ።

"ሚስትህስ?"

"ሥራ ላይ ናት እማ።"

"እሁድም?"

"ነርስ እሁድ የላትም።"

"ድምጿን እንኳ አሰማኝ። ፊቷን ባላይ ድምጿ ይበቃኛል። አላስቸግራት፤ እንዴት ነሽ ብዬ እዘጋለሁ።"

"በሚቀጥለው።"

"የነገሥታት ልጅ ከልብስ አጣቢ ጋር አታወራም፣ አይደል?"

"ኧረ እንደዚያ አይደለም!"

"አይደለም ካልክ አይደለም።"

አንድ ጊዜ እንኳ ተቆጥታ አታውቅም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በቁሟ የገደልኳትን በቁሟ ላስነሳት። ባለቤቴ ስልኩን ይዛ "እማማ" እንድትላት። በየእሁዱ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ወደ ቤት እነዳለሁ። ገብቼ ከወንበሩ ኋላ እቆማለሁ። አልነግራትም። ስንቱን ጦር ሜዳ በፊልም ስመራ የኖርኩ ሰውዬ አንዲት ሴትዮ ፊት አፌ አይከፈትም።

ማክሰኞ ሞተች። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ነው።

እህቴ መምህርቷ ጋ ደወለች። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ሳይወጣ ቤቱ ይኬዳል። ሰው ቤት ሲኬድ ደግሞ አስቀድሞ ለቤቱ ባለቤት ይነገራል። መምህርቷ ወግ አዋቂ ናቸው። ረቡዕ ለአማቴ ደወሉና "የአማችዎ እናት አርፈዋል" አሉ። ሞት ከመጣ ወዲያ ምስጢር አልጠብቅም ብለው ነው። የኔን ሐዘን አማቴ ከኔ በፊት አወቁ ማለት ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ አሰቡበት።

ሐሙስ ንጋት ለሺፍት ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰባት ሰው፣ ነጠላ በጃኬት ላይ ደርበው፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ ቆመዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አሉበት። የባለቤቴ አጎት ከኤርድሪ መጥተዋል። መምህርቷ ከኋላ ናቸው። ሐበሻ በዚያ ሰዓት ነጠላ ለብሶ በር ካንኳኳ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቄሱ ትከሻዬን ያዙ። "ልጄ፣ ሁላችንም ሟች ነን" አሉ። "እንግዲህ ጽና። ያሳደጉህ ሞግዚትህ አርፈዋል።"

ሞግዚት አልነበረኝም።

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። የሌላ ሰው መርዶ በስህተት ወደኔ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ መምህርቷን አየሁ። መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ዞር ስል አማቴ በዚያ ንጋት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያኔ ገባኝ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ምን እያልኩ እንደጮህኩ አላስታውስም። ሰዎቹ ከላዬ ሆነው "እንዴት ቢወዳት ነው!" ሲባባሉ ግን ሰምቻለሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ደነገጠች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ አቀፈችኝ።

"አይ አም ሶ ሶሪ" አለችኝ። "ሞግዚት እንዳለችህ ነግረኸኝ አታውቅም እኮ።"

"አልነገርኩሽም" አልኩ።

ሰዎቹ ወደየሥራቸው ሄዱ፤ እዚህ አገር ለቅሶ ከሺፍት በኋላ ነው የሚሞላው። ባለቤቴ ልትተኛ ወጣች። አማቴ ኩሽና ጠሩኝ። ቆመው ነበር፤ ቆመው አናግረውኝ አያውቁም።

"ተቀመጥ።"

"ልቁም እሜቴ።"

"ያንን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ" አሉ። "የርስቱን። ሦስተኛውን አባት ስትጠራ ነው ያወቅኩህ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ልጄ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከአንተ በፊት የመጡትን ሁሉ አጥንት ስቆጥር የመለስኩ እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰባት ስም ፈለጉ፤ አንተ ሰባት ስም ሰጠህ። ወንድሜ እንደሆነ ያልተወለደ ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን...?"

"እናትህ በሕይወት እንዳለች አላውቅም ነበር። እሱ የኔ አይደለም፤ ያንተ ኃጢአት ነው። አሁን ተነስተህ እናቴ ናት ብትል ልጄ የውሸታም ሚስት ሆነች፤ እኔም ተታልዬ የዳርኩ ሆንኩ። ወረቀቱም አለ፤ የመንግሥቱ። ስለዚህ ሞግዚት ናት። ሞግዚት ደግሞ ክብር ነው፤ ሞግዚት ያለው ትልቅ ቤት ነው። ሰው ይመጣል፣ ይለቀስላታል፣ ፍትሐት ይደረግላታል። ምን ጎደለባት?"

"ስሟ" አልኩ። "እናት መባሏ።"

"ሦስት ቀን ነው" አሉኝ። "ስምንት ዓመት የተጫወትክ ሦስት ቀን አያቅትህም።"

ይህን ሁሉ ብለውኝ እንኳ ዛሬም "እሷ" ብዬ ልጽፋቸው አልቻልኩም። እጄ አይታዘዝልኝም።

ሐሙስ አለቀስኩ፣ ዓርብ አለቀስኩ። ሰው ይገባል፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይላል፣ ንፍሮ ይዘግናል፤ ከዚያ ስለ በረዶ ጎማና ስለ ቤት ዕዳ ያወራል። "ሞግዚትም እናት ናት" ይሉኛል። "አዎ" እላለሁ። እያንዳንዱ "አዎ" እንደገና እንደመግደል ነው። መምህርቷ ዓርብ መጥተው አጠገቤ ሲቀመጡ "አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩ" ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። "ብዕር ያስያዝኩህ አፍህን እንድትዘጋ አይደለም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ባለቤቴ ውሃ ታዞራለች። አጎትዬው ከወንዶቹ መሃል ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ያቺን ሞግዚት አስታውሳታለሁ" አሉ። "ቀይ፣ ረጅም ሴት ነበረች። ስትፈትል የሷን ያህል እጅ አላየሁም። የዚህ ልጅ አያት ከቤታቸው እንዳትወጣ ያዘዙላት..."

እናቴ አጭርና ጥቁር ነበረች። እጇ ከሳሙና የተነሳ ተሰነጣጥቆ ክር ይይዝባት ነበር፤ ፈትላ አታውቅም።

"አያውቋትም ጋሼ" አልኩ።

"እንዴት አላውቃት?"

"አያውቋትም! ሞግዚት የለኝም። የሞተችው እናቴ ናት። ወልዳኛለች። ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እስከዚህ ማክሰኞ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ትኖር ነበር። ያ የቆጠርኩላችሁ ሰባት አባት የፊልም ነው። ያቺ በቅሎም የለችም!"

አጎትዬው ዙሪያቸውን አዩ።

"ሐዘን ነው" አሉ። "እንዲህ ያናግራል። ውሃ ስጡት እስቲ።"

"አዎ፣ ሐዘን ነው" አሉ አማቴ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ "ይሄ ከፊልሙ እኮ ነው" ሲል ሰማሁት። "አይቼዋለሁ።"

"የቱ?"

"ያ የርስቱ። አቤት፣ እንዴት ያለ አርቲስት ነው!"

ስዋሽ አምነውኝ ነበር። ለእውነቱ ተዋናይ ሆንኩባቸው። ሰው ሁሉ እንደገና ወደ ወሬው ሊመለስ ሲል ባለቤቴ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በእጇ ጠራችኝ። ተነስቼ ደረጃው ሥር ቆምን።

"በሕይወት ነበረች?"

"አዎ።"

"እስከ ማክሰኞ?"

"እስከ ማክሰኞ።"

"ፎርሙን የሞላሁት እኮ እኔ ነኝ" አለች። "በእጄ። እናትህን በእጄ ነው ዲሲስድ ብዬ የጻፍኳት። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ሻይ ትጠጣ ነበር።"

"ምን እንደጻፍሽ አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ነበር።"

"መናገር ትችል ነበር።"

ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ፍራሹ አየችና ወደኔ ዞረች።

"ስምንት ዓመት አማት ነበረችኝ?"

"ነበረችሽ።"

"ስለኔ ጠይቃ ታውቃለች?"

መዋሸት እችል ነበር። "በየእሁዱ" አልኩ።

ፊቷ ላይ የሆነውን ልጽፈው አልችልም። "የእህትህን ቁጥር ስጠኝ" አለችና ወደ ላይ ወጣች። ወደ ፍራሹ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከላይ፣ ከመኝታ ቤታችን፣ መጀመሪያ ንግግር ተሰማ፤ ከዚያ የሁለት ሴት ለቅሶ፣ አንዷ በስልክ ውስጥ።

ስትወርድ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፤ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራዋለች። ለባሏ ሞግዚት ጥቁር የሚለብስ ሰው የለም። ለአማት ነው። እኔን አልፋኝ ሄደች፤ ከሴቶቹ በኩል ካለው ፍራሽ ራስጌ ተቀመጠች። አሮጊቶቹ ያዩትን ያውቃሉ።

"ልጄ፣ ይሄ አንቺን አይመለከትም" አሉ አማቴ። "ተነሺ።"

"አማቴ ናት የሞተችብኝ እማዬ። አልነሳም።"

የመጀመሪያዋ አሮጊት በጉልበቷ እየዳኸች መጣችና ባለቤቴን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት። "ነፍሳቸውን ይማር። አማትሽን ነፍሳቸውን ይማር" አለቻት። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ሙሾ የምታወርድ አንዲት ሴትዮ "ምራቷን ሳታይ" ብላ አነሳችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ያ መስኮት ጋ የነበረው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። አጎትዬው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አማቴ ወንበራቸውን ለቀው ተነሱና ደረጃውን ይዘው ወጡ። ሁልጊዜ ክንዳቸውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን አልተነሳሁም።

እናቴ እንደ እናት ተለቀሰላት። ይህን ያደረገችላት ድምጿን እንኳ ሰምታ የማታውቅ ሴት ናት። እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ እንዳልል አልተለወጠም። ያው ቤት ነን። አማቴ ያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እንግዳው ግን ቀንሷል፤ ስለ አጥንት የሚያወራም የለም። ጃንጥላውን አሁን ራሳቸው ይይዛሉ። ባለቤቴ ጥቁሯን ለብሳ ሥራ ትሄዳለች፣ ዓመት ሳይሞላ አላወልቅም ብላለች። እኔ ጋ የምታወራው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ መኪናው በብርዱ እንዳይሞት ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቷል ወይ፣ ወተት አለ ወይ። እኔም እሄድበት የለኝም። ብሄድም የማን ልጅ ነኝ ብዬ?

አንድ ጊዜ ስለ እናቴ ልነግራት ጀምሬ ነበር። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ድምፅህን ስሰማ የቱ ፊልም ይሆን እያልኩ ነው" አለችኝ። "አልችልም። መንገር ከፈለግህ ጻፈው።"

ስለዚህ እጽፋለሁ። ከሥራ ስመለስ ኩሽና ውስጥ ቆሜ አንድ ገጽ እጽፍና ባንኮኒው ላይ እተወዋለሁ። እሷ አማርኛ የምታነበው ቀስ ብላ ነው፤ ሕፃን ሆና ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችው ነው ያላት። ጠዋት ወረቀቱ ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ አገኛለሁ። ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር? አዎ፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። ምን ትወድ ነበር? ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የሬዲዮ ድራማ። የኔን ፊልሞች አይታ ታውቃለች? ሁሉንም፣ ከጎረቤት ቤት ቆማ።

ባለፈው ሰኞ ያገኘሁት ጥያቄ፣ "ስለኔ ስትጠይቅህ ምን ትላት ነበር?" የሚል ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እሁድ እሁድ እላት የነበረውን ከላይ ለእናንተ ጽፌዋለሁ። ለሷ ገና አልጻፍኩም።